ለማታ መንገድ የቱ ባትሪ? (መልስ)

ወንድሜ፣ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ መውረጃ እስከ ኮንዶሚኒየሙ በእግር ለሚገባ ሰው ሩቅ የሚወረውር ባትሪ ይሻላል ወይስ ሰፋ አድርጎ የሚበትን ብለሃል። እኔ ያለ ማመንታት የሚበትነውን እላለሁ።

ሩቅ የሚወረውረው ባትሪ አንጸባራቂው (አምፖሉን የከበበው የሚያብለጨልጭ ጎድጓዳ) ጥልቅና ለስላሳ ነው። መሃል ላይ ጠባብ ደማቅ ነጥብ ይሠራል፤ ዓይንህ እሱን ይለምድና ዙሪያው ይጨልምብሃል። ክዳኑ የተነሳ ቱቦ እግርህ ሥር ቢኖር አታየውም። አንጸባራቂው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻካራ ከሆነ ግን መሃሉና ዳሩ ቀስ ብሎ ይዋሃዳል፤ ለእግር መንገድ የሚስማማው ይሄ ነው።

ካርቶኑ ላይ «200 ሜትር» ቢል አትደነቅ። አንሲ (ANSI) በሚባለው የአሜሪካ የባትሪ መለኪያ ደረጃ ያ ርቀት ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) የወረደበት ነው፣ የሙሉ ጨረቃ ያህል። እዚያ የቆመው ጅብ ይሁን ውሻ መለየት ዘበት ነው።

ከባትሪው እኩል አያያዙም ወሳኝ ነው። ግንባር ላይ የሚታሰረው ብርሃኑ ከዓይንህ አጠገብ ስለሚወጣ ጥላ አያሳይህም፤ መንገዱ ሁሉ ለጥ ያለ ይመስላል። በእጅህ ወገብህ ጋ ዝቅ አድርገህ ስትይዘው ግን ብድግ ያለች ኮብልስቶን እንኳ ረጅም ጥላ ትጥላለች።

ጭንቅላቱ እየተሳበ የሚጠብና የሚሰፋውን ርካሽ ባትሪ በተመለከተ፦ ሲሰፋ ጥሩ ወጥ ክብ ይሰጣል፤ ሲጠብ የኤልኢዲዋን አራት ማዕዘን ምስል ብቻ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ለክረምት ደግሞ አልመክርህም፣ በሚሳበው በኩል ውሃ ይገባዋል።