ጥያቄና መልስ፦ "አን"፣ "ኢን"፣ "ዲስ" እና ዘመዶቻቸው

ከእንግሊዝኛ ቃል ፊት እየገቡ ትርጉሙን ስለሚያፈርሱ ባዕድ መነሻዎች የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ መጥቻለሁ። ቃላቱን እንደሚነገሩት ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ "ኢን"፣ "ኢም"፣ "ኢል"፣ "ኢር"... ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም፤ አራቱም አንድ ናቸው። ከላቲን የመጣው "ኢን" ቀጥሎት ያለውን ድምፅ እየመሰለ ይለዋወጣል። ከፐ፣ ከበ እና ከመ ፊት "ኢም" ይሆናል፦ ኢምፖሲብል፣ የማይቻል። ከለ ፊት "ኢል"፦ ኢሊጋል፣ ሕገ ወጥ። ከረ ፊት "ኢር"፦ ኢሬጉላር፣ ከደንቡ የወጣ። ለምላስ ስለሚቀል ነው። እኛስ ብንሆን "ተሰበረ" ብለን መቼ "ይትሰበራል" እንላለን? ተ ትጠፋና ሰ ትጠብቃለች። "አን" ግን የእንግሊዝኛው የራሱ ጥንታዊ ንብረት ነው፤ ንቅንቅ አይልም። አንፖፑላር እንጂ "አምፖፑላር" የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ "አን" ይሁን "ኢን" በምን ልወቅ?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ እርግጠኛ ሕግ የለውም። "ኢን" ከላቲን የመጡ ቃላትን ይወዳል፤ ግን አመሉ ብዙ ነው። የማይችል ሰው አንኤብል ነው፤ አለመቻል ደግሞ ኢናቢሊቲ። ፍትሐዊ ያልሆነው አንጀስት፣ የፍትሕ መጓደሉ ኢንጀስቲስ። ጥንድ ጥንዱን መያዝ ያዋጣል።

ጥያቄ፦ "ኢንፍላመብል" የተጻፈበት ዕቃ አይቀጣጠልም ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ቶሎ ይቀጣጠላል ማለት ነው። ይቺን ቃል ያዟት፣ ጣጣዋ እሳት ነው። እዚህ ያለው "ኢን" አፍራሽ አይደለም፤ መልኩ ነው የተመሳሰለው። ቃሉ የተወለደው "አቀጣጠለ" ከሚል የላቲን ግስ ነው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበትም ስለሚሳሳቱ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የእሳት አደጋ ጥንቃቄ ባለሙያዎች በምትኩ "ፍላመብል" ይጻፍ አሉ። ሁለቱም ፍቺያቸው አንድ ነው። የማይቀጣጠለው "ኖንፍላመብል" ይባላል።

ኢንቫልዩብልም እንዲሁ ያታልላል። ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ዋጋ የማይተመንለት ነው።

ጥያቄ፦ ኢንፈመስ ማለት የማይታወቅ?

መልስ፦ በክፉ የታወቀ። የማይታወቀው አንኖውን ነው።

ጥያቄ፦ "ሚስ" እና "ዲስ" ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ "ሚስ" ስህተትን ያመለክታል፤ ሚስአንደርስታንድ፣ በተሳሳተ መንገድ ተረዳ። "ዲስ" ግን ተቃራኒ ያደርጋል፤ ዲስአግሪ፣ አልተስማማም። ሚስኢንፎርሜሽን ሳያውቁትም የሚሰራጭ የተሳሳተ መረጃ ሲሆን፣ ዲስኢንፎርሜሽን ሆን ተብሎ ለማሳሳት የሚነዛው ነው። ዲስኢንተረስትድንም ከአንኢንተረስትድ ለዩ። የመጀመሪያው በነገሩ የግል ጥቅም የሌለው፣ ሁለተኛው ነገሩ ደንታ የማይሰጠው ነው። ዳኛችሁ የመጀመሪያው ቢሆን እሰየው። ሁለተኛው ከሆነ ችሎቱ ላይ ያንቀላፋባችኋል።

ጥያቄ፦ አንሎክ "አልቆለፈም" ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የተቆለፈውን ከፈተ ነው። "አን" ከግስ ጋር ሲገባ የተሠራውን መልሶ ይፈታል። አንታይም የታሰረውን ፈታ ነው። "አንሎከብል" ላይ ስትደርሱ ግን አንድምታ ይመጣል፦ አንድም ሊቆለፍ የማይችል፣ አንድም ቁልፉ ሊከፈት የሚችል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ትለያላችሁ።