ሁሉንም «ጭራቅ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የተለያዩ አገሮችን ተረቶች ለልጆች ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ድራጎኑን ሁሉ «ዘንዶ» አልኩት። ካፓን፣ ቫምፓየርንና ባባ ያጋን «ጭራቅ» ብዬ አለፍኳቸው። ጂኒውን ደግሞ «ጋኔን» አልኩት። አርታኢዬ «ሁሉም አንድ ሆኑብኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው? ደግሞስ ብዙ ሲሆኑ «አጋንንት» ነው ወይስ «አጋንንቶች»?

መልስ፦ አርታኢዎ እውነታቸውን ነው። «ጭራቅ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን በአማርኛ ተረት ውስጥ ሥራው የታወቀ ነው። ሰው ይበላል። ልጅ ቃሉን ገና ሲሰማ «ማንን ሊበላ ይሆን?» ብሎ ይጠብቃል። ሌላ ዓይነት ፍጡር በዚህ ስም ሲመጣ ተረቱ ይበላሻል።

ካፓን እንይ። ጃፓኖች በወንዝና በኩሬ ውስጥ ይኖራል የሚሉት ፍጡር ነው። ቁመቱ የልጅ ያህል ነው። ጀርባው እንደ ኤሊ ነው። አናቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ እዚያ ውስጥ ውሃ ተኝቷል። ጉልበቱ ያለው በዚያች ውሃ ነው። ካፓ ሰው እየጎተተ ያሰጥማል፤ ክፉ ነው። ሥነ ሥርዓት ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ጎንበስ ብለው እጅ ከነሱት፣ እሱም አጸፋውን ሊመልስ ጎንበስ ይላል። ያን ጊዜ ውሃው ይፈሳል፣ ጉልበቱም ያልቃል። የተረቱ ጣዕም ያለው እዚህች ሰላምታ ላይ ነው። አሁን «ጭራቁ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ» ብለው ይጻፉት። ልጁ ግራ ይገባዋል፤ ጭራቅ ከመቼ ወዲህ ነው እጅ የሚነሳው? ስለዚህ ስሙን ይተዉለት። መጀመሪያ ላይ «ካፓ የሚባል የውሃ ፍጡር ነበር» ይበሉ። ከዚያ «ካፓው» እያሉ ይቀጥሉ። አማርኛ ባዕድ ስም ተቀብሎ «ው» ለመቀጠል ምንም አይቸገርም።

ቫምፓየር ሰው ነበረ፤ ሞቶ ተቀብሮ ነው የሚነሳው። እ.ኤ.አ. በ1725 ኪሲልዬቮ በተባለች የሰርቢያ መንደር አንድ የሞተ ገበሬ እየተነሳ ሰው ይገድላል ተባለ። መቃብሩ ተከፍቶ ልቡ ላይ እንጨት ተተከለበት፤ አስከሬኑም ተቃጠለ። የኦስትሪያ ሹም ይህንን በሪፖርት ጽፎታል። «ጭራቅ» ቢሉት መቃብሩ ይጠፋል። «ደም መጣጭ» ደግሞ በአማርኛ ለበዝባዥ ሰው የምንለው ሆኗል። «ቫምፓየር» ይሁን፤ ከፊልም ሁሉም ያውቀዋል።

ባባ ያጋ የሩሲያ ተረት አሮጊት ናት፤ እሷ ላይ «ጭራቅ» በተወሰነ ደረጃ ያስኬዳል። ልጆች ትበላለችና። ሆኖም በአንዳንዱ የሩሲያ ተረት ያቺው አሮጊት ለጨዋ ልጅ ትረዳለች። የዶሮ እግር ባለው ጎጆዋ ታሳድራታለች፣ የፈለገችውንም ሰጥታ ትሸኛታለች። ይበልጥ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ጾታው ነው። «ባባ» በስላቭ ቋንቋዎች አሮጊት ማለት ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን የወንድ ስም ይመስላል። የእኛ ግሥ ደግሞ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይል አያልፍም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ «አሮጊቷ ባባ ያጋ መጣች» ይበሉ። ዘግይተው ካስተካከሉት ልጁ በሐሳቡ ሽማግሌ ስሎ ጨርሷል።

«ዘንዶ» ለአውሮፓው ድራጎን ልክክ ይላል። እሳት ይተፋል፣ ወርቅ ይጠብቃል፣ መጨረሻው በጀግና እጅ መሞት ነው። ክንፉን ለማሳየት «ባለ ክንፉ ዘንዶ» ማለት ይበቃል። የቻይናው ግን ሌላ ነው። ሎንግ ይሉታል። ዝናብ ያወርዳል፣ ወንዝና ባሕር ይገዛል፤ ባለ አምስት ጥፍሩ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ነበር። የአማርኛ አንባቢ ደግሞ «ታላቁ ዘንዶ» ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለው የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ነው። እዚያ ዘንዶው ዲያብሎስ ነው። ገበሬ ዝናብ የሚለምነውን ፍጡር በዚህ ስም መጥራት ከበደኝ። እኔ ብሆን «ድራጎን» እለዋለሁ፤ «የዝናቡ ድራጎን» ብጨምርበት ደግሞ ደስ ይለኛል።

«ጋኔን» ላይም ችግሩ ያው ነው። በአማርኛ ጋኔን ሰው ይይዛል፣ በጸሎት ይወጣል፤ ደግ ጋኔን ሲባል አልሰማሁም። በእስልምና እምነት ግን ጂኖች ከእሳት የተፈጠሩ ናቸው። በስማቸው የተሰየመው 72ኛው የቁርኣን ምዕራፍ ውስጥ ደጎችም ክፉዎችም እንዳሉባቸው ይናገራሉ። «ጂኒ» አማርኛ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ለተረትዎ እሱ ይሻላል።

የብዙ ቁጥሩ ነገር አጭር ነው። «አጋንንት» ራሱ የ«ጋኔን» ብዙ ቁጥር ነው፤ ከግእዝ የወረስነው። «መንፈስ» «መናፍስት» እንደሚሆነው ማለት ነው። «አጋንንቶች» እና «መናፍስቶች» ብዙ ቁጥርን ሁለት ጊዜ ማብዛት ነው። በንግግር «አጋንንት ያዘው» እንላለን፤ ጆሯችንም ለምዶታል። በጽሑፍ ግን «ጋኔን ያዘው»፣ «አጋንንቱ ሸሹ» ይበሉ። የቀሩትን በ«ኦች» ማብዛት ነው፦ ጭራቆች፣ ዘንዶዎች፣ ካፓዎች፣ ጂኒዎች።