ሽርሽር ከትንሽ ልጅ ጋር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ረጅሙ እረፍት ሲቃረብ የመልእክት ሳጥኔ ይሞላል። ወራት ሙሉ ድምፃችሁን አጥፍታችሁ የከረማችሁ ሁሉ ሻንጣ ስታወጡ ትዝ እላችኋለሁ። ይሁን፣ አልቀየምም። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹንም ትንሽ አለዝቤያቸዋለሁ።

የሁለት ዓመት ልጅ ይዘን ለአንድ ቀን ስንወጣ ስንት ቅያሪ ልብስ እንያዝ?

ሁለት ለልጁ፣ አንድ ለእርስዎ። የራስዎን እንዳይረሱ።

ልጃችን ሦስት ዓመቱ ነው። ባለቤቴ «አሁን ብንወስደው ምንም አያስታውስም፤ ሰባት ዓመት ሲሞላው እንሄዳለን» ይላል። እውነቱን ነው?

ግማሹን። የአብዛኞቻችን የመጀመሪያ ትዝታ ከሦስት ወይም ከሦስት ዓመት ተኩል ግድም ይጀምራል። ከዚያ በፊት የሆነው ስናድግ ይጠፋል። ልጁ አሁን አያስታውስም ማለት ግን አይደለም። ከወራት በፊት የሆነ ነገር ድንገት አንስቶ ሲያወራ ሰምተሽው ይሆናል፤ ያውም አንቺ የረሳሽውን።

የልጆችን ትዝታ ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት አንድ ነገር አለ። ወላጆቻቸው ስላለፈው ነገር ሰፋ አድርገው የሚያወሯቸው ልጆች የራሳቸውን ታሪክ አብራርተው ይናገራሉ። «ደስ አለህ?» ብለሽ ብትጠይቂው «አዎ» ይልሻል፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። «ከጀልባው ስንወርድ ምን ሆነ? ከዚያስ?» በይው። ቢሳሳት አታርሚው፤ ቀጥሎ ምን እንደሆነ ብቻ ጠይቂው። ባለቤትሽን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ልጁ ዛሬ መሳቁ ብቻውን አይበቃም ወይ?

ልጃችን መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶታል። መስኮቱን ትንሽ ከፍተን ለአምስት ደቂቃ ጉዳይ ጨርሰን ብንመለስስ?

አይሆንም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የውስጥ ሙቀት በ10 ደቂቃ ውስጥ ብቻ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሊጨምር ይችላል። ትንሽ የተከፈተ መስኮት ይህን እምብዛም አያግደውም። የትንሽ ልጅ ሰውነት ደግሞ ከአዋቂው በጣም ፈጥኖ ይግላል። አምስት ደቂቃ የተባለ ጉዳይ አምስት ደቂቃ ፈጅቶ አያውቅም። ቀስቅሱት፤ ያልቅስ።

አምስት ዓመቷ ነው። መኪና በተሳፈርን ቁጥር ታስመልሳለች።

ዓይኗና ጆሮዋ አልተስማሙም። የውስጥ ጆሮዋ «እየሄድን ነው» ይላል፤ ስልክ ላይ የተተከለው ዓይኗ «ቁጭ ብለናል» ይላል። ስለዚህ ስልኩንና መጽሐፉን ውሰዱባት፤ ሩቅ ታይ። ከመንገዱ በፊት ቀለል ያለ ነገር ትቅመስ፤ ባዶ ሆድም የጠገበ ሆድም አይበጅም። መስኮት ክፈቱ፣ ቶሎ ቶሎ ቁሙ። ፌስታል ከእጃችሁ አይራቅ። መድኃኒት ካሰባችሁ ሐኪም ጠይቁ፤ እንደተለመደው።

ሐይቅ ዳር ልንውል ነው። አያቶች፣ አጎቶችና አክስቶች ስምንት አዋቂ ነን። ለአራት ዓመቱ ልጃችን ክንድ ላይ የሚጠለቅ፣ በአየር የሚነፋ ተንሳፋፊ ገዝተናል። ዘንድሮ እንኳን ተዝናንቼ ልቀመጥ?

እህቴ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ያ ስምንት ያልሽው ቁጥር ነው። ስምንት ሰው ሲኖር እያንዳንዱ ሌላው ያያል ብሎ ያስባል። አጎት ወሬ ይዟል፣ አክስት ምሳ ታቀርባለች፣ አባት ፎቶ ያነሳል። ልጁን የሚያየው ማን ነው? ሁሉም። ማለትም ማንም።

ሰው ሲሰምጥ እጁን እያወናጨፈ የሚጮህ ይመስለናል። ትንሽ ልጅ ግን ዝም ብሎ ነው የሚሰምጠው። አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የሚለው ለቅጽበት ነው፤ ያቺን ቅጽበት አየር ለመሳብ ይጠቀምባታል እንጂ ለመጮህ አትበቃውም። በእጁም ውሃውን ወደ ታች ይጫናል፤ አያውለበልብም። ጀርባሽን ሰጥተሽ ከተቀመጥሽ ምንም አትሰሚም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል። ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነበር።

ስለዚህ ተራ አውጡ። አንድ ሰው ለ15 ደቂቃ ጠባቂ ይሁን። ስልኩን ለሌላ ሰው ይስጥ፤ መጠጥም አይቅመስ። ልጁ ውሃ ውስጥ ከሆነ ጠባቂው እጁን ዘርግቶ ሊይዘው በሚችልበት ርቀት ይሁን። ተራው ሲያልቅ «ተረከብኩ» የሚል ሰው እስኪመጣ ዓይኑን አያንሳ። ዘመድ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ። በዚህ መልክ አንቺም ተራሽ ባልሆነ ሰዓት በእውነት ትዝናኛለሽ።

ያ የገዛችሁት ነገር መጫወቻ ነው። ይተነፍሳል፣ ከእርጥብ ክንድ ላይም ይሾልካል። ይባስ ብሎ ልጁን ዋና የቻለ ያስመስለዋል፤ ሳያጠልቀውም ዘሎ ይገባል። በክብደቱ ልክ የሆነ እውነተኛ የሕይወት አድን ጃኬት ፈልጉለት። ጃኬቱም ቢሆን ጠባቂውን አይተካም።

አሁን የምለውን ደግሞ ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። ውሃ ውስጥ ገብቶ የታፈነ ልጅ ከወጣ በኋላ ካሳለ፣ ትንፋሹ ከከበደው፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። «ነገ እናየዋለን» የለም። ውሃው ይውጣለት ብላችሁ ዘቅዝቃችሁ አትያዙት፣ ሆዱንም አትጫኑ። የማይተነፍስ ከሆነ አንዱ እርዳታ ይጥራ፣ ሌላው አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት ይጀምር፤ ከዚያ ደረቱን መጫን ይከተላል። ይህን በጽሑፍ መማር አይቻልም። ከስምንታችሁ ቢያንስ ሁለታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ውሰዱ።

የአራት ወር ልጃችንን የፀሐይ ክሬም እንቀባት?

እስከ ስድስት ወር ጥላ፣ ባርኔጣና እጀ ረጅም ስስ ልብስ ይቅደም። ከዚያ በኋላ መከላከያ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም፣ በየሁለት ሰዓቱ። ደመና ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ቆዳዋ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ሐኪሟን አማክሩ።

ስንት ከፍለን እንስሳት ልናሳያት ወስደናት፣ አንበሳውን ትታ ጉንዳን ስታይ ዋለች። በጣም ተናደድኩ።

ጉንዳኑ ይንቀሳቀሳል፤ አንበሳው ተኝቷል። እኔም ብሆን ጉንዳኑን ነበር የማየው። ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ልጅ በአንድ ቀን አንድ ነገር ይበቃል፤ እርስዎ ስድስት አቅደው ይሆናል። በሚቀጥለው የሚታየውን እሷ ትምረጥ፣ እርስዎ ደግሞ የመመለሻ ሰዓቱን ይምረጡ። የመመለሻው ሰዓት እንቅልፏ ከመምጣቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ቢል ለሁላችሁም ይሻላል። ለከፈሉት ገንዘብ አዝናለሁ።

ሰው በሚበዛበት ቦታ ቢጠፋብንስ?

ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር አስተምሩት። ባለበት ይቁም። እናቱንና አባቱን በስማቸው ይጥራ፤ «እማዬ!» ሲባል እዚያ ያለች እናት ሁሉ ትዞራለች። ማንም ቢያባብለው ከቦታው አይሂድ፤ እርዳታ ከፈለገ ልጅ የያዘች እናት ወይም የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ይጠይቅ። ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ እስክሪብቶ ክንዱ ላይ፣ ከእጅጌው ሥር ጻፉለት፤ ስሙን ግን በሚታይ ቦታ አትጻፉ። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ደግሞ ሙሉ ቁመቱን ፎቶ አንሱት። ደንግጣችሁ «ምን ለብሶ ነበር?» ስትባሉ ሸሚዙ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ አይታወሳችሁም።