የጋና መገናኛ ብዙኃንና መረጃ የማግኘት መብት፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ጥያቄ፦ በጋና ጋዜጣ ለማቋቋም ፈቃድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። የ1992ቱ ሕገ መንግሥት ሳንሱርን ከልክሏል፤ ጋዜጣን በፈቃድ የሚያስር ሕግ እንዳይወጣም ደንግጓል። ሬዲዮ ግን የአየር ሞገድ ስለሚፈልግ የብሔራዊ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ የግል ሬዲዮ እንዴት ጀመረ?

መልስ፦ በ1994 ሬዲዮ አይ የተባለ ጣቢያ አክራ ላይ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ጀምሮ ተዘጋ፤ በዓመቱ ጆይ ኤፍኤም በፈቃድ ሥራ ጀመረ። እኔ ግን ይበልጥ የማከብረው በ1998 በዳንግሜ ቋንቋ መናገር የጀመረውን የማኅበረሰብ ጣቢያ፣ ሬዲዮ አዳን ነው፤ ዓሣ አጥማጁና ገበሬው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚሰሙትና የሚናገሩበት ሆኗልና።

ጥያቄ፦ ጣቢያ ከበዛ ብዝኃነት ተረጋገጠ ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ፖለቲከኞችና የቅርብ ሰዎቻቸው የያዟቸው ጣቢያዎች ጥቂት አይደሉም። በግንቦት 2019 ደግሞ በወቅቱ ተቃዋሚ ለነበረው ፓርቲ ያደላሉ የሚባሉት ሬዲዮ ጎልድና ሬዲዮ ኤክስዋይዜድ በፈቃድ ጉድለት ምክንያት ተዘግተዋል። ስለዚህ ሞገዱ ለማን፣ በምን መስፈርት እንደሚሰጥ ሕዝቡ ማወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ይህንን ተራ ዜጋ መጠየቅ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ቢሰፍርም፣ በ1999 የተረቀቀው የማስፈጸሚያ ሕግ የጸደቀው ከሃያ ዓመት በኋላ በ2019 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለውም በ2020 ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ጥያቄውን በቃል ይናገራል፤ የተጠየቀው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይጽፍለታል። ምላሹ በ14 ቀን፣ የሰው ሕይወትን ወይም ነጻነትን የሚነካ ከሆነም በ48 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። የተከለከለ ሰው በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ለመረጃ መብት ኮሚሽን አቤት ይላል።

ጥያቄ፦ ክፍያ አለው?

መልስ፦ የራሱን የግል መረጃ የሚጠይቅም ሆነ ችግረኛ አይከፍልም። ለሌላው ግን ዋጋው እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ለመገናኛ ብዙኃን ነጻነት የሚሟገተው የምዕራብ አፍሪካ ሚዲያ ፋውንዴሽን ፈቃድ ያላቸውንና በ2017 የተዘጉትን ጣቢያዎች ዝርዝር ሲጠይቅ፣ ባለሥልጣኑ 2,000 ሴዲ እንዲከፍል ጠየቀው፤ ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤትም በ2021 ክፍያውን ቀንሶ መረጃው እንዲሰጥ አዘዘ። ይህ ዝርዝር ማንም ሳይጠይቅና ሳይከፍል ሊያየው የሚገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።