ያረጀ የጀልባ ሞተር በትንሽ ወጪ ጉልበት መጨመር ይቻላል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንድ ወንድማችን 6 ሜትር ገደማ የምትሆን ጀልባ አለችው፣ ሞተሩ የ1984 (እ.ኤ.አ.) መርክሩዘር (የጀልባ ሞተር ብራንድ) 260 ነው፣ ማለትም ሼቭሮሌት 350 የሚባለው ባለ 5.7 ሊትር ቪ8፣ ድራይቩ (ጉልበቱን ወደ ፕሮፔለሩ የሚያስተላልፈው ክፍል) አልፋ ዋን፣ ማቀዝቀዣው በቀጥታ ከባህር ውሃ ስቦ የሚሠራ። ዘይት ይበላል፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ግፊት) ሲለካ ስድስቱ ሲሊንደር 145 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ሆነው ሁለቱ 90 ላይ ቀሩ። አሁን ሞተሩን ካወረድኩት አይቀር 10.5 ለ 1 ኮምፕሬሽን (አየሩን 10.5 እጥፍ የሚያምቅ) የሚሰጥ ፒስተንና የውድድር ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከትቼ 400 ፈረስ ጉልበት ላድርገው፣ ገንዘቤ ግን ትንሽ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ ይላል።

ወንድሜ ቁርጡን ልንገርህ፣ 400ውን እርሳው። 300 አካባቢ ግን በደንብ ይቻላል፣ ገንዘቡንም ቦታው ላይ ካዋልከው ብዙ አያስወጣህም። ለምን እንደዛ እንዳልኩ ላስረዳህ ምክንያቱም ይሄን ነገር ሳይረዱ ብዙ ሰዎች ደህና ብር አውጥተው ከበፊቱ የባሰ ሞተር ይዘው ሲቀሩ ስለማይ ያሳዝነኛል።

የጀልባ ሞተር ማለት ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ነው፣ ቁልቁለት የለው፣ የሚቀየር ማርሽ የለው። መኪና ላይ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበቱ ትንሹን ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ጀልባ ላይ ግን 3500 ወይም 4000 ዙር ላይ ለሰዓታት ጭነት ተሸክሞ ይቆያል። ደግሞ ፕሮፔለር የሚፈልገው ጉልበት ከዙሩ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፣ በኩብ ነው። አንድ አይነት ፕሮፔለር ከ4400 ወደ 4800 ዙር ለመውሰድ 30 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ የውድድር ካምሻፍት 6000 ዙር ላይ የሚሰጥህ ጉልበት ላንተ ምንም አይሠራልህም፣ እዛ ዙር ላይ አትደርስም። አንተ የምትፈልገው ከ2500 እስከ 4800 ባለው ውስጥ ያለውን ቶርክ (የማዞር ኃይል) ነው።

ሌላው ማወቅ ያለብህ ፍጥነት። ውሃ ላይ ተነስታ የምትሄድ ጀልባ ፍጥነቷ በግምት ከጉልበቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው። ከ260 ወደ 300 ስትወጣ ጉልበቱ 15 በመቶ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ግን 7 በመቶ ቢሆን ነው። አሁን 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትሄድ ከሆነ 75 ትሆናለች ማለት ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታይህ ከቆመችበት ስትነሳ፣ ሰው ሞልተህ ስትጭን፣ ስኪ ስትጎትት ነው፣ እዛ ላይ ሌላ ጀልባ ትመስልሃለች።

አሁን ወደ ሞተሩ። ከማውረድህ በፊት እነዛ ሁለት ሲሊንደሮች ለምን ወደቁ የሚለውን እወቅ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሆኑ መጀመሪያ የምጠረጥረው መሀላቸው የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና ከላዩ በሚታሰረው ቴስታታ መሀል ያለው ማተሚያ) ነው። ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረህ ድጋሚ ለካ፣ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ከዛ አየር ሞልተህ ወዴት እንደሚያፈስ አዳምጥ፣ በካርቡራተር በኩል ከነፈሰ የመግቢያ ቫልቭ፣ በጭስ መውጫ ከሆነ የመውጫ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ። ካንዴላው ላይ ዝገት ካየህ ደግሞ ነገሩ ከሞተሩ ውጪ ነው፣ የጭስ ማኒፎልዱ ወይም ከላዩ ያለው ራይዘር ውስጡ ተበልቶ ውሃ ወደ ሲሊንደር እያስገባ ነው ማለት ነው። ጨው ውሃ ላይ እነዚህ ነገሮች ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው የሚቆዩት፣ ያንተ መቼ እንደተቀየሩ አልነገርከኝም። አሮጌውን ሞተር የገደለውን ነገር ሳታገኝ አዲስ ብትሠራ አዲሱንም ያው ነገር ይገድለዋል፣ ይሄን በጣም አደራ እልሃለሁ።

ብሎኩንም መርምር። 40 ዓመት ጨው ውሃ የጠጣ ብሎክ ከውጪ ቀለም ተቀብቶ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፣ የጎን ክዳኖቹን አውጥተህ የውሃ መተላለፊያውን በዊንዲቨር ጫር ጫር አርገው፣ ዝገቱ ተደራርቦ እንደ ቅርፊት እየተነሳ የሚወጣ ከሆነ ለሬክቲፊካ (ሲሊንደሩን አስፍቶ ለማስተካከል) ከመክፈልህ በፊት በግፊት ይፈተሽ፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ውፍረትም በአልትራሳውንድ ይለካ። ካልሆነ የመኪና ብሎክ ግዛ፣ ብረቱ ያው ነው፣ የብረት ክዳኖቹን አውጥተህ በነሃስ ትቀይራቸዋለህ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ያንተ ሞተር የኋላ የኮሎዶካ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ማተሚያው ባለ ሁለት ክፍል የሆነው የድሮው አይነት ነው፣ ከ1986 ወዲህ የመጡት ባለ አንድ ክፍል ናቸውና የኮሎዶካው ጀርባም የቮላኖው (ኮሎዶካው ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) ሚዛንም ይለያያል፣ አንዱን ካንዱ ቀላቅለህ ብትገጥም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

ብሎኩ ደህና ከሆነ ብዙውን ብር እዚህ ላይ አውጣው፣ የማይታይ ሥራ ስለሆነ ሰው ይሳሳበታል እንጂ ሞተሩን የሚያኖረው እሱ ነው። ሲሊንደሩ 0.76 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ኮሎዶካው ስንጥቅ እንዳለው በማግኔት ይታያል፣ ቢየላዎቹ (ፒስተኑን ከኮሎዶካው የሚያገናኙት) ትልቁ ጫፋቸው ተስተካክሎ አዲስ ቡሎን ይገባላቸዋል፣ ሁሉም በሚዛን ይመዘናል። የብሮንዚናው (ኮሎዶካው የሚዞርበት መቀመጫ) ክፍተት 0.06 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። የፋሻው አፍ (በሁለቱ ጫፎቹ መሀል ያለው ክፍተት) ደግሞ ለመኪና ከሚተወው ሰፋ ይበል፣ ለዚህ ሲሊንደር ከ0.46 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ አምራች ከዛ በላይ ካለህ የሱን ስማ። ምክንያቱ፣ ጀልባ ላይ ፒስተኑ በጭነት ለረጅም ሰዓት ይግላል ብሎኩ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚታጠብ እኩል አይሰፋም፣ ፋሻው ቦታ ካጣ ጫፍና ጫፉ ይገጥምና ፒስተኑን ይሰብረዋል። ለፒስተኑና ለግድግዳው ክፍተትም እንደዛው፣ ጠባብ አርጎ የሚሠራልህን ባለሙያ ለጀልባ ነው ብለህ አስቀድመህ ንገረው።

10.5 ለ 1 አልከኝ፣ አይሆንም። ተራ ቤንዚን በብረት ቴስታታ እዛ ጭነት ላይ ይህን አይችልም፣ ሞተሩ ኖክ ሲያደርግ (ቤንዚኑ ያለአግባብ ፈንድቶ ሲያንኳኳ) መኪና ላይ ይሰማሃል፣ ጀልባ ላይ ግን በጭሱና በውሃው ድምፅ ተውጦ አይሰማህም፣ የምታውቀው ፒስተኑ ከቀለጠ በኋላ ነው። ከ9 እስከ 9.4 ለ 1 ይበቃሃል።

ጉልበቱ የሚመጣው ከቴስታታው ነው። ያንተ አሮጌ ቴስታታ አየር አያሳልፍም፣ ማቃጠያ ክፍሉም ትልቅ ነው፣ 76 ሲሲ ገደማ። ጂኤም ከ1996 ጀምሮ ያወጣው ቮርቴክ የሚባለው የብረት ቴስታታ 64 ሲሲ ነው፣ አተነፋፈሱ በጣም የተሻለ ነው፣ እና መርክሩዘር ራሱ 350 ማግ ኤምፒአይ በሚባለው ሞተሩ ላይ በዚሁ ቴስታታ 300 ፈረስ ጉልበት አውጥቷል። ፒስተኑን ጠፍጣፋ፣ ለቫልቮቹ ብቻ ጎድጎድ ያለ አርገህ በዚህ ቴስታታ ስትዘጋው ኮምፕሬሽኑም ራሱ ወደምንፈልገው ይመጣል። በእጅህ የገባው ያገለገለ ከሆነ ሳትገጥም ስንጥቅ ይፈለግበት፣ ቮርቴክ ከቫልቭ መቀመጫው አጠገብ መሰንጠቅ ይወዳል። አሮጌው የመግቢያ ማኒፎልድህ አይገጥምም፣ የድሮው 12 ቡሎን ነው ይሄኛው 8፣ ስለዚህ ለቮርቴክ የተሠራ ያስፈልግሃል፣ የቫልቭ ክዳኑም መሀሉ ላይ የሚታሰረው አይነት፣ ሮከሮቹም (ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች) የራሱ። የጭስ ማኒፎልድህ ግን ይገጥማል። ጨው ውሃ ላይ ስለሆንክ አሉሚኒየም ቴስታታ በቀጥታ ውሃ እንዳታስብ፣ ቶሎ ይበላል፣ ማኒፎልዱም ብረት ቢሆን ነው የምመርጠው።

ካምሻፍት ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጀልባ ላይ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ጭሱ ይቀላቀላል። መግቢያና መውጫ ቫልቮቹ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ከረዘመ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የጭሱን ውሃ መልሶ ወደ ሲሊንደር ይስበዋል፣ ጨው ውሃ ፋሻና ቫልቭ ላይ ገባ ማለት ደግሞ ታውቀዋለህ። የውድድር ካምሻፍት ያ ጊዜው ረጅም ነው። የሎቦቹ (ቫልቮቹን የሚገፉት የካምሻፍቱ ጉብታዎች) ማዕከል ርቀት ከ112 እስከ 114 ዲግሪ የሆነ፣ 0.050 ኢንች ላይ የሚለካው ቫልቩ ክፍት የሚሆንበት ቆይታ ከ210 እስከ 218 ዲግሪ የሆነ፣ ለጀልባ ተብሎ የተፈጨ ውሰድ፣ ሊፍቱም (ቫልቩ የሚነሳበት ርቀት) ከ11.5 ሚሊ ሜትር አይለፍ፣ ያልተነካ ቮርቴክ ከዛ በላይ ከሆነ የስፕሪንጉ ክዳን ከማተሚያው ጋር ይጋጫል።

ከዚህ በታች ያለው ነገር ላይ ብር ለመቆጠብ እንዳትሞክር እለምንሃለሁ፣ የሕይወት ጉዳይ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባ ውስጥ ደግሞ የሚወጣበት ስለሌለው ወለሉ ስር ተጠራቅሞ ይተኛል። የመኪና ሞተሪኖ (ማስነሻ)፣ የመኪና ዲናሞ፣ የመኪና ዲስትሪቢዩተር ውስጣቸው ብልጭታ አለ፣ ከውጪ ሲታዩ ያው ናቸው፣ የጀልባዎቹ ግን ብልጭታው እንዳይወጣ ታሽገዋል፣ ኤስኤኢ ጄ1171 የሚል ምልክት ፈልግባቸው። ካርቡራተሩም የጀልባ ይሁን፣ ቤንዚን ሲሞላበት ወደ ውጪ ሳይሆን ወደ ራሱ ጉሮሮ ነው የሚያፈሰው። የቤንዚን ፖምፓውም እንደዛው፣ ውስጡ ሲቀደድ ወደ ካርቡራተሩ የሚመልስ ቱቦ አለው፣ ያ ቱቦ ውስጥ ቤንዚን ካየህ ፖምፓው አልቋል። ካርቡራተሩ ላይ ያለውን የእሳት መከላከያ መረብ ማንም ምንም ቢልህ እንዳታነሳው። ከማስነሳትህ በፊት ማራገቢያውን 4 ደቂቃ አስነሳው፣ ክዳኑን ከፍተህ አሽት። የቴስታታ ጓርኒሲዮኑም የጀልባ የሚባለው ይሁን፣ የመኪናው ቀለበቱ ጨው ውሃ ላይ ይዝጋል።

ሲገጠም፣ ሳታስነሳ የዘይት ፖምፓውን በድሪል አዙረህ ዘይት ሮከሮቹ ድረስ መድረሱን እይ። ካምሻፍቱ የድሮው ጠፍጣፋ ታፔት (ካምሻፍቱ ላይ የሚያርፈው ገፊ) ያለው ከሆነ ዚንክ ያለው ዘይት ጨምርበት፣ ሞተሩ እንደተነሳ ሥራ ፈት ዙር ላይ እንዳታቆመው፣ ወዲያው ከ2000 እስከ 2500 ዙር አውጣውና 20 ደቂቃ ከፍ ዝቅ እያረክ አቆየው። በጎማ ቱቦ ውሃ እየሰጠህ ከሆነ በዛ ዙር ውሃው ላይበቃው ይችላል፣ ጀልባዋ ውሃ ላይ ታስራ ብታደርገው ነው የሚሻለው። ከዛ የመጀመሪያ 10 ሰዓት ዙሩን እየቀያየርክ ንዳት፣ አንድ ዙር ላይ አትቁም፣ ሙሉ ጋዝም ለአፍታ ካልሆነ አትስጣት፣ ከዛ ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። ታይሚንጉን (ካንዴላው ቀድሞ የሚተኩስበትን) ቮርቴክ ብዙ አይፈልግም፣ ጠቅላላው ከ32 ዲግሪ አይለፍ። የዘይት ግፊቱ ሞተሩ ሲሞቅ በየ1000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ ገደማ ካሳየህ ደህና ነው።

መጨረሻ ላይ ፕሮፔለሩን ነው የምታስተካክለው። ሙሉ ጋዝ ላይ ከ4400 እስከ 4800 ዙር መሀል መውደቅ አለባት። ጉልበት ስለጨመርክ ከዛ ካለፈች ፒች (ፕሮፔለሩ ባንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት) ጨምር፣ 1 ኢንች ፒች ከ150 እስከ 200 ዙር ይቀንሳል። ታኮሜትሩ ትክክል መሆኑን አጣራ፣ አሮጌ ታኮሜትር ይዋሻል፣ የጀልባዋ ሆድም ከአልጌና ከቆሻሻ ይጽዳ፣ እሱ ብቻውን ፍጥነት ይበላል።

አልፋ ዋን ድራይቭህ 300 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው የሚችለው፣ ለዛ ነው 300 ላይ አቁም ያልኩህ። አንዳንዱ 383 አርገው ይልሃል፣ ማለትም የኮሎዶካውን ስትሮክ (ፒስተኑ ወጥቶ የሚወርድበት ርቀት) ወደ 95.25 ሚሊ ሜትር ማሳደግ፣ ለጀልባ ቶርኩ እውነትም ያምራል፣ ኮሎዶካህ ተበላሽቶ አዲስ መግዛትህ ካልቀረ ዋጋውም ብዙ አይለይም። ግን ያ ቶርክ የሚያርፈው ድራይቩ ማርሽ ላይ ነው፣ ድራይቭ ለመቀየር ገንዘብ ካልያዝክ አትግባበት።

ለአሁኑ ሞተሩን አታውርደው። ራይዘሮቹን ፍታና ውስጣቸውን እይ፣ የአየር ፍሳሹን በስምንቱም ሲሊንደር ለካ፣ የወደቁት ሁለቱ የትኞቹ ቁጥር እንደሆኑ ጻፍልኝ። ጎን ለጎን ሆነው ጓርኒሲዮን ብቻ ከሆነ ብሎኩን ሳትነካ ቮርቴክ ቴስታታና ካምሻፍት ብቻ ገጥመህ ልትወጣ ትችላለህ። ግን ዘይት ይበላል ብለሃል፣ ስለዚህ የሌሎቹን ስድስት ፍሳሽም ማየት አለብኝ፣ ፋሻው ሁሉም ላይ ካለቀ መውረዱ አይቀርም።