ልጄ ድድ ማስጫ ላጥና ትላለች

ጥያቄ፦ ቤቴ ጉለሌ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ። ከአጥሬ ፊት ለፊት፣ መብራት ምሰሶው ሥር፣ መንገዱ ሲነጠፍ የተረፉ ድንጋዮችና አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ የሰፈሩ ጎረምሶች እሱ ላይ ናቸው። ሲስቁ፣ ሲጯጯሁ፣ አላፊ አግዳሚውን ሲተርቡ ይመሻል። ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ነበር፤ ሁለቴም በማግስቱ ቦታው ላይ ተገኘ። ይሄን ችዬ ተቀመጥኩ። አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሶሻል አንትሮፖሎጂ የምትማረው ልጄ የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በእነሱ ላይ ነው አለችኝ። እኔ አንትሮፖሎጂ ሲባል ሐመር ወይም ሙርሲ የሚኬድ ይመስለኝ ነበር። ድድ ማስጫ ላይ ምን ይጠናል? ሴት ልጅስ እዚያ መሃል ስትቆም ሰፈሩ ምን ይለኛል?
እናት ነኝ፣ ከጉለሌ

መልስ፦ እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኔም ለሁለተኛ ዲግሪዬ አንድ ክረምትና አንድ በጋ የዋልኩት ሱቅ ደጃፍ ላይ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃት «ቢሮ ገብታለች» ትል ነበር፤ ምስኪን።

ሩቅ አገር ሄዶ ማጥናት የሙያው የቆየ ልማድ መሆኑ እውነት ነው። ግን ዊሊያም ፉት ዋይት የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ቦስተን ውስጥ ኖርዝ ኤንድ የተባለ የጣሊያን ስደተኞች ሰፈር ገባ። ምግብ ቤት ካለው ቤተሰብ ዘንድ ክፍል ተከራየ፣ ጣሊያንኛ ተማረ፣ መንገድ ጥግ ከሚቆሙ ጎረምሶች ጋርም ጎረምሳ ሆኖ ከረመ። የተማረው ሰው ያንን ሰፈር ሥርዓት የሌለው አድርጎ ነበር የሚያየው። ዋይት ያገኘው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ቦውሊንግ ይጫወታሉ፤ ውጤታቸውን በቡድኑ ውስጥ ካላቸው ደረጃ ጋር ሲያስተያየው አንድ ሆኖ አገኘው፤ አለቃውና የቅርብ ሰዎቹ ከላይ፣ ጭፍራው ከታች። ለብቻው ሲጫወት ጎበዝ የሆነው ልጅ እንኳ ጓደኞቹ ፊት ሲሆን በተረባቸው እጁ ይተሳሰራል።

የእርስዎን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንድ ሳምንት ልብ ብለው ይዩት። እኔ በዋልኩበት ቦታ የግንቡ ጥግ የአንድ ልጅ ነበር። ሲመጣ ማንም «ተነሳ» አይልም፤ የተቀመጠው ልጅ ወሬውን ሳያቋርጥ በመቀመጫው ፈቀቅ ይላል። ይህችን ፈቀቅታ ለማስተዋል ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ቦታው የልጆቹ ብቻም አልነበረም። ጠዋት አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቁበታል፤ ከቀትር በኋላ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ታርፍበታለች፤ ማታ ለዘበኛው ነው። 10 ሰዓት ላይ ልጆቹ የሚመጡት ግንቡ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት የሚመልሰው ያኔ ስለሆነ ነው። ክረምት ሲገባ ሁሉም ከሱቁ ቆርቆሮ ሥር ይጎርፋል፤ ያኔ ባለሱቁና ልጆቹ ይጣላሉ። «ድድ ማስጫ» የሚለው ስምም ከዚሁ ፀሐይ ከመሞቁ የመጣ ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው አፉን ከፍቶ ድዱን እንደ እህል ፀሐይ ላይ ያሰጣል ብሎ የተሳለቀ ሰው ያወጣው። ልጆቹ ራሳቸው ግን ቃሉን ወስደው ይኮሩበታል።

«ቦዘኔ» በሚለው ግን ማንም አይኮራም። ይህ ቃል በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 384 «አደገኛ ቦዘኔ» ተብሎ ሕግ ውስጥ የገባ ነው። ስለዚህ መንገድ ዳር የቆመ ልጅ ማስታወሻ የያዘ ሰው ሲያይ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እኔ የመጀመሪያ ቀን ደብተሬን ሳወጣ ግማሾቹ ተነስተው ሄዱ፤ የቀሩት ጥቃቅንና አነስተኛ የምትመዘግብ ናት ብለው መታወቂያቸውን አወጡልኝ። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ቤት ትቼ ማታ ማታ መጻፍ ጀመርኩ። ለልጅዎ ይንገሯት፦ ማን እንደሆነችና ምን እንደምታደርግ በግልጽ ትናገር፣ እሺ ያላትን ብቻ ትጻፍ፣ እውነተኛ ስም ደብተሯ ውስጥ አይግባ።

ደግሞ እርስዎም ያውቋቸዋል። ለቅሶ ሲሆን የእድሩን ድንኳን የሚተክለው ማን ነው? ቁም ሳጥን ሲመጣ ከመኪና የሚያወርደውስ? ያን ቀን «የሰፈራችን ልጆች» ይባላሉ፤ በማግስቱ 10 ሰዓት ላይ እንደገና ቦዘኔ ናቸው። ከጥናቱ ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሱ ሰው ስለ ቤቱና ስለ ካሳው አወራ፤ ማውራቱም ተገቢ ነበር። ከቤቶቹ ጋር የተነሳውን ጥግ ግን የመዘገበ ብዙ ሰው አላየሁም። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ሰፊና ንጹሕ ናቸው፣ አልዋሽም፣ እኔም ማታ ማታ እሄድባቸዋለሁ። አግዳሚው ወንበር ላይ ግን ሰው ጎን ለጎን ተደርድሮ መንገዱን ነው የሚያየው። ድድ ማስጫ ላይ ሰባት ሰው ክብ ሠርቶ ይተያያል።

ልጆቹን እያሞገስኩ እንዳይመስልዎት። በእነሱ ተማርኮ መቅረት የዚህ ዓይነት ጥናት የቆየ በሽታ ነው፤ ዋይትም ስለ ሰፈሩ ሴቶች ብዙም አልጻፈም ተብሎ ተወቅሷል። በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር አንጄላ ማክሮቢና ጄኒ ጋርበር የተባሉ ተመራማሪዎች የወንድ ጎረምሶችን ባህል የሚያጠኑትን ባልደረቦቻቸውን ለመሆኑ ሴቶቹ የት ናቸው ብለው ጠየቁ። መልሳቸው መኝታ ቤት የሚል ነበር፤ እዚያ ከጓደኞቻቸው ጋር ሙዚቃ ይሰማሉ፣ ወሬ ያወራሉ። በእኛ ሰፈር ብጠየቅ ጓሮ፣ በረንዳ፣ ሹሩባ የሚሠራበት ዱካ እላለሁ። ለከፋ የሚባለውን ነገር እርስዎ በደብዳቤዎ «ሲተርቡ» ብለው አለፉት። እኔ ሱቁ ደጃፍ ሆኜ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በየቀኑ ስትመለስ አያት ነበር። ልጆቹ የተቀመጡበት ግንብ ጋ ለመድረስ 20 እርምጃ ሲቀራት መንገዱን ተሻግራ፣ ቦዩን ዘላ፣ ካለፈች በኋላ ተመልሳ ትሻገራለች። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ቦዩ ሞልቶ ስለነበር መዝለል አቅቷት፣ ልጆቹ እስኪበተኑ ጥግ ይዛ ዝናብ ሲመታት ቆየች። እኔ ስለ ወንዶቹ ያን ሁሉ ገጽ ስጽፍ ስለ እሷ የጻፍኩት አንድ አንቀጽ ነው። አሁን ብሠራው ከእሷ እጀምር ነበር።

ሰፈሩ ምን ይለኛል ላሉት፣ ያወራል። ለአንድ ወር ያህል ያወራና ይለምዳታል። ግን እመሃላቸው መቆም የለባትም፤ ሱቁ በር ላይ ወይም ከቆሎ ሻጯ አጠገብ ዱካ ይዛ ትቀመጥ፣ ሲመሽም ትግባ። ከዚያ ሆና ልጆቹንም፣ የሚሻገሩትን ሴቶችም፣ መጋረጃ ገልጦ የሚያየውንም ጎረቤት ታያለች።

ድንጋዩን ለጊዜው አይንኩት። «ተነስቶ ነበር» ብለው ጻፉልኝ እንጂ ማን እንዳነሳው አልነገሩኝም። ልጅዎ ግን መጠየቋ አይቀርም፤ ስትጠይቅዎ ከነሰዓቱ ይንገሯት።