«ቤቱ እርሜ ነው» ብዬ ነበር፤ አሁን ብሄድ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ከሁለት ዓመት በፊት በአባታችን ውርስ የተነሣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣላን። በሽማግሌዎች ፊት ብድግ ብዬ «ከዛሬ ጀምሮ የሱ ቤት እርሜ ነው፤ ውኃ እንኳ አልቀምስበትም» አልኩ። አሁን ልጁ ልትዳር ነው። ሚስቱ ደውላ «አክስቷ የሌለችበት ሰርግ ምን ሰርግ ነው» እያለች ለመነችኝ። ልቤ መሄድ ይፈልጋል። እናቴ ግን «እርም ያልሽውን ብትበዪ መቅሠፍት ታመጪብናለሽ» ትለኛለች። ለመሆኑ እርም ማለት ምን ማለት ነው? ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ «ሐራም ከሚለው ጋር አንድ ነው» አለችኝ፤ እውነት ነው? ብሄድስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እየተጨነቅሽ እንዳታነቢ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ወደ ሰርጉ ሂጂ። ከዚያ በፊት ግን ንስሐ አባትሽን አግኚ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለመረዳት ቃሉን ራሱን ማየት አለብን። እንደ ዘበት የምንወረውረው ቃል ነው፤ ሲመዘን ግን ይከብዳል።

ባልደረባሽ ልክ ናት። የእኛ እርም ከግእዙ «ሐረመ» ጋር የተያያዘ ነው፤ ከለከለ፣ ለየ፣ እርም አደረገ እንደ ማለት። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን እየዋጠ ስለሄደ ሕርም የነበረው በአፋችን እርም ሆነ። የዐረብኛው ሐራምና የዕብራይስጡ ኄሬም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጾመኛ ራሱን ከመብልና ከመጠጥ ሲከለክል ሕርመት የምንለውም የዚያው ቤት ልጅ ነው።

በየዕለቱ እንዴት እንደምንናገረው አንቺም ታውቂዋለሽ። መጠጥ የተወ ሰው «እርም ብያለሁ» ይላል። ገንዘቡን የተበላ ሰው «ሁለተኛ ለሱ ማበደር እርሜ ነው» ይላል። ሰው በሩቅ አገር ሞቶ መርዶው ሲመጣ ደግሞ ቤተሰቡ ተቀምጦ ያለቅስና እርሙን ያወጣል። ይህኛው አነጋገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያልተለቀሰለት ሞት በቋሚው ላይ እንደ ዕዳ ይቀመጣል፤ የሚያወርደው እንባ ነው። እኔም በልጅነቴ ከወንድሜ ጋር በተጣላሁ ቁጥር «ካንተ ጋር መጫወት እርሜ ነው» እል ነበር። እስከ ማታ የቆየሁበትን ቀን አላስታውስም።

ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ስንገባ ነገሩ ሌላ ነው። መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 6ን አንብቢ። ኢያሪኮ ልትወድቅ ስትል ኢያሱ ለሕዝቡ ከተማይቱና በውስጧ ያለው ሁሉ ለእግዚአብሔር እርም እንደሚሆን ነገራቸው። ረዓብና ቤተሰቧ ብቻ ይተርፋሉ። «ለእግዚአብሔር» የምትለዋን ቃል እንዳታልፊያት። ብሩና ወርቁ፣ የናሱና የብረቱ ዕቃ ርኩስ ነው ተብሎ አልተጣለም። ወደ እግዚአብሔር ግምጃ ቤት ነው የገባው። ኦሪት ዘሌዋውያን 27፥28ም እርም ሆኖ የተሰጠ ነገር ለእግዚአብሔር እጅግ የተቀደሰ እንደሆነ ይናገራል።

እኛ እርም ስንል የተጠላ ነገር እናስባለን። በመጽሐፉ ግን የእግዚአብሔር ድርሻ ስለሆነ ሰው እጁን የማያስገባበት ነገር ነው። ከእስራኤል ሰዎች አንዱ የሆነው አካን ግን እጁን አስገባ። አንድ ያማረ ካባ፣ 200 ሰቅል ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ወስዶ በድንኳኑ ውስጥ ቆፍሮ ቀበረ። ከዚያ በኋላ እስራኤል ትንሿን ከተማ ጋይን ሊወጉ ወጥተው ሸሹ፤ 36 ያህል ሰው ሞተባቸው። ግምጃ ቤት የገባው ወርቅና አካን ድንኳን የተቀበረው ወርቅ የአንድ ከተማ ወርቅ ነበር። አንዱ ቅዱስ ሆነ፣ ሌላው ሰው አስፈጀ።

እናትሽ የምትፈራው መቅሠፍት ከዚህ ታሪክ የመጣ ይመስለኛል። ፍርሃቷን አልንቀውም። ግን የኢያሪኮን ወርቅ ለራሱ የለየው እግዚአብሔር ነው። የወንድምሽን ቤት እርም ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ ያውም ደምሽ ፈልቶ። ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም።

ለአንቺ ነገር የሚቀርበው የሳኦል ታሪክ ነው፤ 1ኛ ሳሙኤል 14። ሳኦል ፍልስጥኤማውያንን ሲያሳድድ እስከ ማታ እህል የሚቀምስ ሁሉ የተረገመ ይሁን ብሎ ሕዝቡን አማለ። እግዚአብሔር እንዲህ በል አላለውም። ልጁ ዮናታን ይህን አልሰማም ነበርና ጫካ ውስጥ ማር ሲያገኝ የበትሩን ጫፍ ነክሮ ቀመሰ፤ ዓይኑ በራ። አባቱ ያለውን ሲነግሩት «አባቴ ምድሪቱን አስጨነቀ» ብሎ አዘነ። እውነቱን ነበር። ሕዝቡ በረሃብ ዝሎ ስለዋለ ማታ ላይ በምርኮው ከብት ላይ ተረባረበና ሥጋውን ከነደሙ በላ። አየሽ፣ ደም እንዳይበሉ በእርግጥ የከለከለው እግዚአብሔር ነው። ሳኦል ከራሱ ባመጣው ክልከላ የተነሣ ሕዝቡ የእግዚአብሔርን ክልከላ ጣሰ። ሳኦል በመጨረሻ «ቃሌ ነው» ብሎ ልጁን ሊገድል ተነሣ። ሕዝቡ ባይከላከልለት ኖሮ ዮናታን አለቀለት ነበር።

ሄሮድስም «ምያለሁ» ብሎ የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት አስቆረጠ። ቃሉን ጠበቀ። በዚህ ያመሰገነው ሰው የለም።

«ስእለትስ?» ትዪኝ ይሆናል። መክብብ 5 ላይ «ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል» ይላል፤ ልክ ነው። ስእለት ግን ለእግዚአብሔር መልካም ነገር መስጠት ነው። ቂም ስእለት ሆኖ አይቀርብለትም። እንዲያውም ጌታ በማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። እሱ «ሂድ» ያለበትን ቤት አንቺ «አልሄድም» ብለሽ ማልሽ። ከሁለቱ የትኛው ቃል እንደሚፈርስ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህ ማለት ግን እርም ማለት ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። መጠጥን ወይም ሐሜትን እርም ያለ ሰው ቃሉን ይጠብቅ። እሱ ቀድሞም ልንተወው የሚገባንን ነገር ነው የተወው። ያም ቢሆን በሞቅታ ባይምል እመርጣለሁ። «እግዚአብሔር ይርዳኝ» ብሎ ቢጀምረው ይበልጥ ይዘልቃል።

ካነሣነው አይቀር፣ በጾም ወራት «ሥጋ እርም ነው» የሚሉ አሉ። አልወደውም። ሥጋው አልረከሰም፤ በትንሣኤ ባርከን የምንበላው ያንኑ ነው። የተከለከልነው እኛ ነን፤ ያውም ወደን፣ ለጊዜው። ልጆች ወተቱን እንደ ቆሻሻ እያዩ ካደጉ ጾምን ሳይሆን መጸየፍን ነው የሚማሩት።

አንድ ነገር ግን ማጣራት አለብሽ። በዚያ ቀን እርም ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ ወይስ ግዝትም ነበረ? ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል። በተለምዶ እርም የሚለው ባለቤቱ በራሱ ላይ ነው። ግዝት ግን ካህን ወይም ሽማግሌ በሌላው ላይ የሚጥለው ክልከላ ነው። በየወሩ 12ን፣ 21ንና 29ን የግዝት በዓል የምንላቸውም ሥራ ስለተከለከለባቸው ነው። ውግዘት ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ 318ቱ አባቶች በ325 (እ.ኤ.አ.) በኒቅያ በአርዮስ ላይ ያስተላለፉት ዓይነት ነው፤ እሱ አንቺን አይመለከትሽም። ከሽማግሌዎቹ መካከል ካህን ኖሮ «እንዳትገናኙ ገዝቻችኋለሁ» ብሎ ከሆነ ግን ይህንንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። የሚፈታበት ሥርዓት አለው።

እዚህ ጽፌ ልፈታሽ አልችልም። ንስሐ አባትሽ ዘንድ ስትሄጂ ግን «እርም ብዬ ነበር» ብቻ ብለሽ እንዳታቆሚ። ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝሽውን ቂም ተናገሪ። ቃሉ ቅርፊቱ ነው፤ ውስጡ ያለው ቂሙ ነው። የሚሰጡሽን ቀኖና ፈጽሚ። ከተቻለ እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። መቅሠፍት እንደማይመጣ ከእኔ ይልቅ ከሳቸው አፍ ቢሰሙት ይቀላቸዋል።

የውርሱ ጉዳይ ለብቻው ይታይ። መታረቅ ማለት ድርሻሽን መተው ማለት አይደለም። ያለቀ ካልሆነ በሽማግሌም በሕግም ጨርሱት፤ በሰርጉ ሰሞን ግን አታንሺው።

ደግሞም ከወንድምሽ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርጉ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው እያየ አትገናኙ። እዚያ ሰላምታ እንጂ እርቅ አይሆንም። ከሰርጉ ቀደም ብለሽ፣ ግርግር ሳይኖር ቤቱ ሂጂ። «በቁጣ ተናግሬ ነበር፤ ይቅር በለኝ» በዪው። እሱም የሚለው ሊኖር ይችላል፤ አስጨርሺው። ስትቀመጪ ምን ይቅረብልሽ ሲሉሽ መጀመሪያ ውኃ ጠይቂያቸው።